የተዘጋው ፋብሪካ ሳይረን የጮኸ ቀን

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። እስካሁን ያልረሳሁት ስለደነገጥኩ ብቻ አይደለም። እኔ የድስት ክዳን ሲወድቅ የምደነግጥ ሰው ነኝ፤ ድንጋጤ ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም። ያልረሳሁት፣ ያን ቀን እግሬ ከእኔ ቀድሞ ስለሮጠና የሮጠውም ወደ ራሴ ልጅ መሆኑን ሳላውቅ ስለነበር ነው።

የምንኖረው ጅማ፣ ጊንጆ ነው። ከሰፈራችን ወረድ ብሎ አንድ የቆየ የቡና ማበጠሪያ ፋብሪካ አለ። ድሮ ቡናው በጆንያ ሆኖ ከየገጠሩ ይመጣል፤ ማሽኑ ይፈለፍለዋል፣ ያበጥረዋል፤ ከዚያ እኛ ሴቶቹ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ጥቁሩን፣ የተሰበረውንና ነቀዝ የበላውን በእጃችን እንለቅማለን። እኔ ትምህርቴን ከአምስተኛ ክፍል አቋርጬ የገባሁት እዚያ ነው። አንድ ልጄን ቤዛንም ያሳደግኳት በዚያው ሥራ ነው። በኋላ ለቀማውን የሚሠራ ማሽን መጣ ተባለ፤ ቡናው ወደ ሌላ ቦታ መሄድ ጀመረ፤ ፋብሪካውም ተዘጋ።

የሆነውን ከመናገሬ በፊት ስለ ሥራችን ሁለት ነገር ማስረዳት አለብኝ።

አንደኛው፣ እኛ ለቃሚዎች በእጃችን ነበር የምናወራው። የማሽኑ ጩኸት አፍ ለአፍ አያነጋግርም። መዳፍ ወደ ታች ሲሆን «ቆዪ» ማለት ነው። ሁለት እጅ አንጓው ላይ ሲጠላለፍ «ተዘግቷል፣ አትሂጂ» ነው። ጭብጥ ትከሻ ላይ ሲያርፍ ጆንያ ነው። ሐሜቱንም በእጅ እናወራ ነበር፤ አለቃችን ፊት ለፊታችን ቆሞ ስለ ሱሪው ስቀናል። ቤዛ ገና ትምህርት ቤት ሳትገባ ጠረጴዛዬ ሥር ተቀምጣ ትጠብቀኝ ስለነበር ይህን ቋንቋ ከፊደል በፊት ነው ያወቀችው። ሰው ቤት ተጠርተን ሄደን እንኳ «ይበቃሻል፣ ደግመሽ እንዳታነሺ» የምላት በእጄ ነበር።

ሁለተኛው ሳይረኑ ነው። አጭር ከጮኸ መግቢያ ወይም መውጫ ሰዓት ነው። ሳያቋርጥ ከጮኸ ግን አደጋ ነው። አንድ ጊዜ የአንዲት ለቃሚ ነጠላ በማሽኑ ቀበቶ ተይዞ እጇ ተጎዳ። ከዚያ ወዲህ እኛ ሴቶቹ ለራሳችን ደንብ አወጣን። ረጅሙ ሳይረን ሲጮህ የያዝሽውን ጥለሽ በሩ ላይ ትወጫለሽ፤ ጠረጴዛ የምትጋሪያትን ሴት እጅ ትይዣለሽ፤ እጇን ያጣሽ እንደሆነ ትጮሂያለሽ። ስም ጠሪ አያስፈልግም ነበር። የእኔ ጠረጴዛ ተጋሪ ዘይነባ ትባላለች። እስከዛሬ ጓደኛዬ ናት፤ አሁን አስፋልቱ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጣለች።

ወደ ልጄ ልመለስ። ቤዛ ኮሌጅ ከገባች በኋላ ከጓደኞቿ ጋር ባንድ አቋቋሙ። እሷ የምትጫወተው ቤዝ ጊታር ነው፤ ክሩ እንደ ገመድ የወፈረውን። ሙዚቃው ሮክ ይባላል አለችኝ። ጎረቤቶቼ ገና ስሙን ሲሰሙ አማተቡ። እውነቱን ለመናገር ሙዚቃው እኔንም አላስደሰተኝም፤ እንቅልፍ የነሳኝ ግን የሚለማመዱበት ቦታ ነው። የፋብሪካውን ባለቤት ወራሾች አስፈቅደው የገቡት እዚያው ፋብሪካ ውስጥ ነበር።

«እማዬ፣ ሊፈርስ ነው እየተባለ ነው» አለችኝ። «እዚያ ኮንሰርት ብናሳይ ሰው ሁሉ ገብቶ ያየዋል። ቅርስ እኮ ነው!»

«ቅርስ የነገሥታት ቤት ነው። ደረቴን ያሳመመኝ አቧራ ከመቼ ወዲህ ነው ቅርስ የሆነው?»

«አንቺ ራስሽ ቅርስ ነሽ።»

«አሮጊት ነሽ ለማለት ነው?»

ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅኩም። የዚያን ቤት ደረጃ አውቀዋለሁ፤ እኛ እያለን እንኳ ይንቀጠቀጥ ነበር። የመብራቱን ሽቦም አውቀዋለሁ። ጨቀጨቅኳት፣ አለቀስኩ፣ በባለቤቴም አስጨቀጨቅኳት። በመጨረሻ «እሺ፣ ትቼዋለሁ» አለችኝ።

ያን ቅዳሜ ባለቤቴ ለሥራ አሰንዳቦ ሄዷል። ቤዛ መንደራ ቆጪ ሰፈር ከምትኖረው የክፍል ጓደኛዋ ጋር እንደምታጠና ነግራኝ ወጣች። ዝናቡ ጋብ ስላለልኝ ግቢ ውስጥ ብርድ ልብስ እያጠብኩ ነበር።

ሳይረኑ ጮኸ።

መጀመሪያ አጭር ነው ብዬ ጠበቅኩ። እንደ ሞኝ፣ የመውጫ ሰዓት ይሆናል አልኩ። አላቆመም። ከዚያ በኋላ ያሰብኩትን አላስታውስም። ሳሙናው ክንዴ ላይ እንዳለ አስፋልቱ ላይ ራሴን አገኘሁት። ለሱቅ ስወጣ እንኳ ቁልፉን ደጋግሜ የምፈትሽ ሴት፣ የግቢውን በር ወለል አድርጌ ትቼ ነው የወጣሁት።

ዘይነባ ቲማቲሟን ጥላ ከፊቴ ትሮጣለች። አንድ ጫማዋ ከእግሯ ወልቋል።

«አስኒ! ማል ታቴ? ምን ተፈጠረ?» ትለኛለች ስሜን እየጠራች፣ ሳትቆም።

«እኔ እንጃ!»

«ፋብሪካው እኮ ተዘግቷል!»

«አውቃለሁ!»

«ታዲያ ለምንድነው የምንሮጠው?»

«አንቺ ለምንድነው የምትሮጪው?»

አንድ ባጃጅ ነጂ ፍጥነቱን ቀንሶ «ማዘር፣ ዋንጫው የት ነው?» አለን። ዘይነባ በኦሮምኛ የመለሰችለትን እዚህ አልጽፈውም።

በሩ ላይ ስንደርስ እኛ ብቻ አይደለንም። ከየአቅጣጫው የድሮ ለቃሚዎች መጥተዋል። አንዷ እጇ ሊጥ ነው፤ አንዷ የልጅ ልጇን አዝላለች። ማንም ምንም ሳይል እያንዳንዷ የጠረጴዛ ተጋሪዋን እጅ ፈልጋ ያዘች። እኔም የዘይነባን ያዝኩ። ተያየንና ሳቅ አፈነን። ትልልቅ ሴቶች፣ ከተዘጋ ፋብሪካ በር ላይ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘን።

ሳቁ የቆመው ጭሱ ሲሸተን ነው።

ጥበቃው ጋሼ ተካ በሩን በርግደው «ልጆቹ ናቸው! ልጆቹ ሳይረኑን አስነሱትና አልጠፋ አላቸው!» እያሉ ወደ ቆጣሪው ሳጥን ሮጡ። ሳጥኑ በጓጉንቸር ተቆልፏል። ቁልፉን ከኪስ ኪሳቸው ይፈልጋሉ። ከአዳራሹ ሦስት ወጣቶች እያሳሉ ወጡ። አንደኛው በእጁ የከበሮ ዱላ ይዟል፤ በኋላ እንዳወቅኩት ፈይሰል ይባላል፣ የባንዱ ከበሮ መቺ ነው።

ዘይነባ ከሳይረኑ በላይ እየጮኸች ጆሮው ሥር «ሁላችሁም ወጣችሁ? እጅ ለእጅ ተያያዙ! የጎደለ አለ?» አለችው።

ልጁ ግራ ቀኙን አየ። ፊቱ ተለዋወጠ።

«ቤዛስ?» አለ። «ከኋላዬ ነበረች እኮ!»

«የትኛዋ ቤዛ?» አልኩት።

ያኔ አወቀኝ። ቤታችን መጥቶ ምሳ በልቷል። አንገቱን ደፋ።

የዘይነባን እጅ አጥብቄ ያዝኩ። ፈይሰል እየተንተባተበ ነገረን። ለዘፈናቸው መግቢያ ይሆናል ብለው የድሮውን ሳይረን ከመብራቱ ጋር አገናኙት። ማብሪያው ተጣብቆ ቀረ፤ አልጠፋ አላቸው። ቤዛ «ሽቦውን ከላይ እነቅለዋለሁ» ብላ ወደ ፎቁ መጋዘን ወጣች። እሷ ከወጣች በኋላ ደረጃው ሥር ያለው ሽቦ ጋለ፤ እዚያ የተከመረው አሮጌ ጆንያ መጨስ ጀመረ። ጭሱ ሲበዛ እሷም ከኋላቸው የወረደች መስሏቸው ሮጠው ወጡ። ስልኳ ታች ቀርቷል።

በሕንፃው ጎን ዞሬ ወደ ፎቁ መስኮት አንጋጠጥኩ። መስኮቱ የብረት ፍርግርግ አለው፤ ሰው አያስወጣም። ቤዛ እዚያ ነበረች። ፍርግርጉን ይዛ ትጮሃለች። አፏ ሲከፈት አያለሁ፤ ድምፅ የለም። ሳይረኑ ከጭንቅላቷ በላይ ጣሪያው ላይ ነው። በጣቷ ወደ ታች ታሳየኛለች፤ በደረጃው ልወርድ ነው ማለቷ ነው። ጭሱ ደረጃው ላይ መሆኑን አታውቅም።

«አትውረጂ!» አልኩ። ጉሮሮዬ እስኪነቃ ጮህኩ። አልሰማችኝም። ፊቷን ወደ ደረጃው አዞረች።

ዘይነባ ትከሻዬን መታችኝ። ሁለት እጇን ፊቴ ላይ አወዛወዘችልኝ። ገባኝ።

ድንጋይ አንስቼ ወርውሬ የያዘችውን ፍርግርግ መታሁ። ዞር አለች። መዳፌን ወደ ታች አደረግኩ፤ ቆዪ። ወደ ደረጃው ጠቁሜ አንጓዬን አጠላለፍኩ፤ ተዘግቷል፣ አትሂጂ። ቆመች። አየችኝ። ጭብጤን ትከሻዬ ላይ አሳረፍኩ፤ ጆንያ። ወደ ጓሮው ጠቆምኩ። መዳፌን ቁልቁል አንሸራተትኩት።

ከፎቁ መጋዘን ወደ ጓሮ የሚወርድ፣ ከእንጨት ተሠርቶ ውስጡ በቆርቆሮ የተለበጠ ማንሸራተቻ ነበር። ቡናው ተለቅሞ ጆንያ ሲሞላ በእሱ እየተንሸራተተ መኪና ላይ ይወርዳል። እንዳለ ይኑር፣ ይሰበር፣ ይበስብስ፣ አላውቅም። ሌላ መንገድ ግን አልነበረም።

ቤዛ ከመስኮቱ ጠፋች።

በሕይወቴ ብዙ ፈርቻለሁ። እንደዚያች ቅጽበት ግን ፈርቼ አላውቅም። ወደ ጓሮው ትሂድ ወደ ደረጃው ትሂድ የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። ያልኳትን ተረድታኝ ይሁን፣ ረስታው ይሁን፣ ጭሱ አደንዝዟት ይሁን። እመቤቴን እየጠራሁ ወደ ጓሮ ሮጥኩ።

ጓሮውን ሳማ ውጦታል። ማንሸራተቻው አለ፤ ግን የታችኛው አፉ በቆርቆሮ ተመትቶ ተዘግቷል። ቆርቆሮውን በእጃችን ያዝነው። የሊጧ ሴት ከእኔ ጎን፣ ዘይነባ ከታች፣ እንጎትታለን። ምስማሩ አልላቀቅ አለ። እጄን ሲቆርጠኝ አልተሰማኝም፤ ሳማውም አልለበለበኝም፤ የለበለበኝ ማታ ነው። ፈይሰል ከአዳራሹ የከበሮውን የብረት እግር ነቅሎ እየሮጠ መጣና ከቆርቆሮው ሥር አስገባው። ሁላችንም ብረቱ ላይ ተንጠላጠልን። ቆርቆሮው ተገነጠለ።

ውስጡ ጨለማ ነው። ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ ከሳይረኑ በቀር የሚሰማ የለም። እጄን ቆርቆሮው ላይ አሳረፍኩ። ይንቀጠቀጥ ነበር። የሆነ ነገር እየወረደ ነው።

መጀመሪያ የመጣው ጫማ ነው። ያ «ይሄ የወንድ ነው፣ መልሺው» ብዬ የተጣላኋት ትልቅ ጥቁር ጫማ። ከዚያ ጉልበት። ከዚያ ልጄ፣ ጊታሯን እንደ ሕፃን በጀርባዋ አዝላ፣ ፀጉሯ የቡና ገለፈት ሞልቶት፣ ጥቀርሻ መስላ ደረታችን ላይ ወደቀች።

ዘይነባ ከእጄ ነጠቀቻት። አገጯን ይዛ ወደ ብርሃን አዞረቻት፣ ክንዷን አገላበጠች፣ ጀርባዋን ዳሰሰች፣ ልክ ጠረጴዛችን ላይ ቡና እንደምታይ።

«አልሐምዱሊላህ! ጥቁር የለባት፣ ስብራት የለባት» አለች። «አስኒ፣ ኤክስፖርት ናት!»

ይህን ሁሉ መስማት የቻልኩት ሳይረኑ ጸጥ ብሎ ስለነበር ነው። ጋሼ ተካ ቁልፉን አጥተው ጓጉንቸሩን በድንጋይ ሰብረውታል። እኔ ግን ጸጥ ማለቱን አላስተዋልኩም። እንባዬ እየወረደ አሁንም በእጄ ነበር የማወራት። ደህና ነሽ? አሞሻል? ደህና ነሽ?

«እማዬ» አለችኝ፣ «ጠፍቷል እኮ። በአፍሽ አውሪ።»

በአፌ ያወራሁት የመጀመሪያው ነገር «መንደራ ቆጪ እዚህ ነው እንዴ?» የሚል ነበር። በነጠላዬ ጫፍ አንዴ መታኋት። ከዚያ አቀፍኳት፤ እስኪጨንቃት አቅፌ ያዝኳት። «ዝም ብለሽ ምቺኝ፣ ይሻለኛል» አለችና አብራኝ አለቀሰች።

እሳቱ ትልቅ አልነበረም። መብራቱ ሲቋረጥ ሴቶቹ ከበርሜል ውኃ እየተቀባበሉ ጆንያውን አጠፉት። ደረጃው ግን ከታች ግማሹ ከስሎ ነበር። ጋሼ ተካ በእግራቸው ነካ ሲያደርጉት ፈረሰ። ዘይነባ ዓይኔን በእጇ ሸፈነችብኝና «ኮቱ፣ ነይ ከዚህ» ብላ አወጣችኝ።

ማታ ቤት ገብተን፣ ቤዛ እጄን በጨው ውኃ እያጠበችልኝ፣ ለምን ሳይረኑን እንደነካች ጠየቅኳት።

«የምትነግሪኝ ሁሉ እዚያ አለ» አለችኝ። «ጠረጴዛው አለ፣ ማሽኑ አለ። ሳይረኑን ግን ትንሽ ሆኜ ስለነበር አላስታውሰውም። መስማት ፈለግኩ። ዘፈኑ እኮ ስለ ለቃሚዎች ነው።»

«ስለ እኛ?»

«ስለማን መሰለሽ?»

እራት በልተሽ ተኚ አልኳት።

ከዚያ በኋላ ወራሾቹ የመብራት ባለሙያ አስመጥተው የፎቁን ሽቦ በሙሉ አስቆረጡ፤ ወደ ላይ መውጣት ተከለከለ። ሳይረኑ ጣሪያው ላይ አለ፤ ከእንግዲህ ግን ድምፅ የለውም። ልጆቹ የሚለማመዱት ታች፣ ሁለቱም በር ተከፍቶ ነው። ይህን ቅድመ ሁኔታ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። አንድ ቅዳሜ ከዘይነባ ጋር ሄጄ በሩ በእርግጥ መከፈቱን አየሁ። ከዚያ ወጥቼ መሄድ ስችል ተቀመጥኩ።

ሙዚቃው ሲጀምር ጆሮዬን ያዝኩ። ትንሽ ቆይቼ ለቀቅኩት። ድምፁ በጆሮ ሳይሆን በሆድ ነው የሚገባው። ከወንበሩ በታች ወለሉ ይንዘራል። ዘይነባን አየኋት፤ እሷም አየችኝ። ሁለታችንም ይህን ንዝረት እናውቀዋለን፤ መፈልፈያው ሲነሳ እግራችን ሥር እንዲህ ያደርግ ነበር። እናቴ ብትሆን «ይሄም ዘፈን ተብሎ» ትል ነበር። እኔ አላልኩም።

መሐል ላይ ቤዛ ወደ ፈይሰል ዞራ አንጓዋን አጠላለፈች። ከበሮው ቀጥ አለ። መዳፏን ወደ ታች አደረገች፤ ጠበቃት። ዘይነባ ጎኔን በክርኗ ወጋችኝ።

ሲጨርሱ ፈይሰልን «ይሄን ምልክት ከየት አመጣችሁት?» ብላ ጠየቀችው።

«ቤዛ ናት ያስተማረችን። ድምፁ ሲበዛ አንሰማማም» አለ። «የውጭ ባንዶች የሚጠቀሙበት መስሎን ነበር። አይደለም እንዴ?»

ዘይነባ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወጥታ ሄደች።

ፋብሪካው ይፍረስ ይቁም እስካሁን አልተወሰነም። ልጆቹ ተስፋ አላቸው። እኔ እንኳን ስለ ፋብሪካ ስለ ነገ ምሳም እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም። መፍራቴንም አልተውኩም፤ በዚህ ዕድሜ ሰው ጠባዩን የት ይጥላል? ግን ድሮ የምፈራው ልጄ የት እንዳለች ሳላውቅ ነበር። አሁን የት እንዳለች ትነግረኛለች። እኔም ስትነግረኝ አልጮህባትም። ለሁለታችንም ቀሎናል።

ባለፈው ቅዳሜ ጊታሯን ይዛ ከፊቴ አልፋ ወጣች። ሰማዩ ጠቁሯል። ከበሩ ላይ ጠራኋት። ልጨቀጭቃት ነው ብላ ፊቷን አጨፈገገች።

ጃንጥላ እንድትይዝ ብቻ ነገርኳት።